ሳይገድሉ የሚያስቆሙ ሴሎች፦ የአንዲት እናት ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

በአንድ የኢንተርኔት የጤና መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው አንዲት እናት ናት። ልጇ የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም አለበት፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። ዘመድ አዝማዱ የልጁ የመከላከል አቅም ስለደከመ ነው እያለ ማር በነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዝንጅብል ይዞ ይመጣል። እሷ ደግሞ የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ሌሎች የመከላከያ ሴሎችን አደብ ስለሚያስገዙ ቲ ሴሎች (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት) ግኝት መሰጠቱን በዜና ሰምታለች። የሰማችውና የሚነግሯት አልገጥም አላት። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንድ ሴል ሌላውን ሴል ሳይገድለው እንዳይባዛ የሚያደርገው እንዴት ነው? ልጇስ የታመመው እነዚህ ሴሎች ጎድለውት ይሆን?

ጥያቄውን ወደድኩት። በጤና መድረኮቻችን ሁሌ የሚወራው የመከላከል አቅምን ስለማሳደግ ነው። ሰውነት ግን የሚታመመው ማጥቃት ሲያቅተው ብቻ አይደለም፤ ማቆም ሲያቅተውም ይታመማል። ይህ ልጅ የታመመው የገዛ ራሱ የመከላከያ ሴሎች ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች ስላጠቁበት ነው። እንዲህ ላለ ልጅ መከላከያውን አጠንክሩለት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሰዉ ቆም ብሎ ቢያስብ ደስ ይለኛል። መልሶቹን በየተራቸው እተርካለሁ፤ ፍሬ ያለበት ላይ እቆያለሁ፣ ሌላውን ቶሎ አልፈዋለሁ።

1ኛውን መልስ የጻፈችው ነርስ ናት። እናትየዋን እህቴ እያለች አጽናናቻት። ከሁሉ በፊት ግን በምንም ዓይነት ቅጠልም ሆነ ሥር ምክንያት ኢንሱሊኑ እንዳይቋረጥ ለመነቻት። ከዚያ መሠረቱን አስረዳች። ቲ ሴሎች የሚሠለጥኑት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው የታይመስ ዕጢ ውስጥ ነው። የራስን አካል እንደ ጠላት የሚያዩት አብዛኞቹ እዚያው ይወገዳሉ። አንዳንዶቹ ግን ያመልጣሉ። ያመለጡትን የሚይዙት ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ናቸው፤ ቁጥራቸውም ሲዲ4 ከሚባሉት ረዳት ቲ ሴሎች መካከል ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ነው። ሽልማቱን የተካፈሉት ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ፣ አሜሪካውያኑ ሜሪ ብረንኮው እና ፍሬድ ራምስዴል መሆናቸውንም ጻፈች። ጨዋ፣ አጭር፣ ትክክለኛ መልስ ነበር።

2ኛው መልስ ሴሎቹ የሰውነት ፍሬን ናቸው አለና አለፈ። ብዙ ሰው ወደደለት።

3ኛው መልስ ክሩን ወደ ላቦራቶሪ ወሰደው። ጸሐፊው አውሮፓ ውስጥ ማስተርሱን የሚሠራ የኢሚዩኖሎጂ፣ ማለትም የመከላከያ ሥርዓት ጥናት ተማሪ ነው። ፍሬን ማለት ምንም አያስረዳም ብሎ ጀመረና በዓይኑ ያየውን ዘረዘረ። ከደም የለያቸውን ተራ ቲ ሴሎች ሲኤፍኤስኢ በሚባል አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ይነክራቸዋል። ሴሉ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ቀለሙም ለሁለት ይካፈላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የእያንዳንዱን ሴል ብርሃን በሚለካው ፍሎው ሳይቶሜትር በሚባል መሣሪያ ሲያያቸው ብርሃናቸው በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ የሄደ ተከታታይ ጉብታዎች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ጉብታ አንድ ትውልድ ነው። ከዚያ ያንኑ ሙከራ ተቆጣጣሪ ሴሎችን ጨምሮ ይደግመዋል፤ አንድ ለአንድ፣ አንድ ለሁለት፣ አንድ ለአራት፣ አንድ ለስምንት። አንድ ለአንድ በሆነበት ጉብታዎቹ ይጠፋሉ ማለት ይቻላል። ሴሎቹ ሁሉ መጀመሪያ በነበሩበት ደማቅ ቦታ ተከማችተው ይቀራሉ። ተቆጣጣሪዎቹ ቁጥራቸው እያነሰ ሲሄድ ጉብታዎቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። የሞተውን የሚለይ ሌላ ቀለም ሲጨምርበት ደግሞ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። አልተገደሉም፤ መባዛት ብቻ ነው ያቆሙት።

ተማሪው እንቆቅልሽም ጨመረበት። ሁለቱን ዓይነት ሴሎች ፈሳሽ በሚያሳልፍ፣ ሴል በማያሳልፍ ስስ ወንፊት ቢለያያቸው ማገዱ ይጠፋል። ስለዚህ መነካካት የግድ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ኢንተርሉኪን 2 የሚባለውን ንጥረ ነገር ከውጭ ቢያፈስበት ደግሞ፣ ተነካክተውም ቢሆን፣ የታገዱት ሴሎች መባዛት ይጀምራሉ። መነካካት የግድ ከሆነ የሚፈስ ነገር እንዴት ነጻ ያወጣቸዋል? መድረኩን ጠየቀ። ክሩ ሕይወት የዘራው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

4ኛው መላሽ የ2ኛውን ምሳሌ አነሳና አስተካከለው። በመኪና ቋንቋ እናውራ ከተባለ እነዚህ ሴሎች ፍሬን ከመርገጥ ይልቅ ነዳጁን ቀድተው ይወስዱበታል አለ። ማስረዳቱ እንዲህ ነው። ኢንተርሉኪን 2 በ1976 ሲገኝ የቲ ሴል ማሳደጊያ ተብሎ ነው። የተቀሰቀሰ ቲ ሴል ይህን ንጥረ ነገር ለራሱም ለጎረቤቱም ያመርታል፤ በእሱ ይባዛል። ተቆጣጣሪዎቹ ግን አያመርቱትም፤ ፎክስፒ3 የተባለው ዘረመል ማምረቻውን ይዘጋባቸዋል። በምትኩ ሲዲ25 የተባለውን መቀበያ ሁልጊዜ በብዛት ለብሰው ይኖራሉ፤ ጥቂት ኢንተርሉኪን 2 እንኳ ብትኖር ቀድመው ይለቅሟታል። ስለዚህ ሌሎቹ ባመረቱ ቁጥር ተቆጣጣሪዎቹ ይጠግባሉ፣ ይበዛሉ፣ አምራቾቹም ይራባሉ። እዚህ ላይ ይህ መላሽ የጠቀሰው አንድ እውነት በጣም ገረመኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርሉኪን 2 ጨርሶ የማያመርቱ አይጦች ተፈጥረው ነበር። ማሳደጊያው ከሌለ መከላከያቸው ይመነምናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ቲ ሴሎቻቸው ከልክ በላይ ተቀሰቀሱ፣ አይጦቹም በራሳቸው መከላከያ ታመሙ። ከማሳደጊያው ጋር አብረው የጠፉት ተቆጣጣሪዎቹ ስለነበሩ ነው።

5ኛው መላሽ መልሱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ግማሽ መሆኑን በትሕትና አመለከተ። በ1998 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ቶርንተንና ሼቫክ የተባሉ ተመራማሪዎች በሠሩት ሙከራ ተቆጣጣሪዎቹ የተመረተውን ከመልቀም አልፈው ሌላው ሴል ኢንተርሉኪን 2ን ገና ከዘረመሉ ማንበብ እንዳይጀምር ማድረጋቸው ታይቷል። ነዳጁ ከመቀዳቱ በፊት መቅጃው ተዘግቷል ማለት ነው። 4ኛው መላሽ በ6ኛው ላይ ተመልሶ መጥቶ ተቀበለው። ሁለቱም እርስ በርስ ወንድሜ እየተባባሉ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ ክሩ የሰላም ነበር።

7ኛው መልስ የመነካካቱን ምሥጢር ፈታ፤ ቢያንስ ከፊሉን። ቲ ሴል ለመባዛት የጠላትን ምልክት ማየት ብቻ አይበቃውም። ምልክቱን የምታሳየው ዴንድሪቲክ ሴል ሲዲ80 እና ሲዲ86 የተባሉ ሁለት ነገሮችንም በገጿ ላይ መያዝ አለባት። እነሱ ናቸው የመነሻ ፈቃዱ። ተቆጣጣሪዎቹ ሲቲኤልኤ-4 የሚባል ነገር በብዛት አላቸው፤ ሌሎቹ ቲ ሴሎች ፈቃዱን ከሚቀበሉበት መቀበያ ይልቅ ከሁለቱ ፈቃዶች ጋር ጠበቅ አድርጎ ይያያዛል። በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሥራ ሲቲኤልኤ-4 ከመያዝም አልፎ ፈቃዶቹን ከዴንድሪቲክ ሴሏ ገጽ ላይ መንጭቆ ወደ ራሱ ሴል ውስጥ አስገብቶ እንደሚያፈርሳቸው አሳየ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቲ ሴል ባዶ ገጽ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ የግድ የሆነው መነካካት ከሚታገደው ሴል ጋር ላይሆን ይችላል። ከመካከለኛዋ ጋር ሊሆን ይችላል።

8ኛው መልስ የተማሪው ነው፤ ትንሽ ሻከር ያለ። እሱ በአንዳንድ ሙከራው ዴንድሪቲክ ሴል ጨርሶ አይጠቀምም። ቲ ሴሎቹን የሚቀሰቅሰው ፀረ እንግዳ አካል በተለበጡ ጥቃቅን እንክብሎች ነው። እንክብል ላይ የሚመነጨቅ ሲዲ80 የለም። እገዳው ግን ይዳከማል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ 7ኛው መልስ ሁሉንም እንደሚያስረዳ አድርጎ መቅረቡ አልተዋጠለትም። ልክ ነበር፤ አባባሉ ቢለሰልስ ግን ጥሩ ነበር።

9ኛው መልስ የቀሩትን መሣሪያዎች ደረደረ፤ ሌሎች ሴሎችን የሚያረጋጉት ንጥረ ነገሮች ኢንተርሉኪን 10፣ ቲጂኤፍ ቤታና ኢንተርሉኪን 35፣ አዴኖሲን የሚያመነጩት ሲዲ39 እና ሲዲ73፣ ሴል የሚበሳው ፐርፎሪን። ዝርዝር ብቻውን ሰው አያስተምርም። ዝርዝሩን ነፍስ የዘራበት 10ኛው መላሽ ነው። በ2008 የታተሙ ሁለት የአይጥ ሙከራዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሲቲኤልኤ-4 ከተቆጣጣሪዎቹ ብቻ ሲወሰድ አይጦቹ መላ አካላቸውን በሚያዳርስ በሽታ ሞቱ። ኢንተርሉኪን 10 ከተቆጣጣሪዎቹ ብቻ ሲወሰድ ግን የተቆጣው አንጀት፣ ሳንባና ቆዳ ነው፤ ሌላው አካል ደህና ቆየ። አንጀት፣ ሳንባና ቆዳ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙ ቦታዎች ናቸው። ተቆጣጣሪዎቹ እንደየቦታው መሣሪያ ይለዋውጣሉ ማለት ነው። ለእናትየዋ የመጀመሪያ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ እኔን ያረካኝ ይኼኛው ነው።

11ኛው መልስ ላይ አየሩ ተለወጠ። የመጣው ሰውዬ ገና ከመነሻው ነገር ፈለገ። ይህ ሁሉ በ1970ዎቹ የተሸጠ ዕቃ ነው፣ አሁን አዲስ ልብስ ለብሶ መጣ አለ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ገርሾን በ1970 የሚያግዱ ቲ ሴሎችን አየሁ ማለቱን፣ በጉዳዩ ላይ በብዙዎች እጅ በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት መጻፉን፣ ሁሉም አይጄ በሚባል የዘረመል ቦታ ላይ መንጠልጠሉን አስታወሰ። በ1983 የዘረመሉ ሰንሰለት ሲነበብ አይጄ የተባለው ዘረመል አለ በተባለበት ቦታ የለም። መስኩ በሙሉ ፈረሰ። ኖቤሉንም ፋሽን ነው ብሎ አጣጣለው። ተማሪውን ደግሞ ሕፃን አለው። ያ አያስፈልግም ነበር።

12ኛውን መልስ የጻፉት አንድ ትልቅ ሐኪም ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ትምህርታቸውን ውጭ አገር የጨረሱት ልክ ያ ውድቀት በተከሰተበት ዘመን ነው። ታሪኩ እውነት መሆኑን አመኑ። በዚያን ጊዜ የሚያግድ ቲ ሴል አለ ብሎ ለገንዘብ ድጋፍ ማመልከት ራስን ማስናቅ እንደነበር ጻፉ። ነገር ግን ገርሾን ያየው ነገር ከንቱ አልነበረም፤ ከንቱ የሆነው የተሰጠው ማብራሪያ ነው። ከዚያ የጃፓኑን ታሪክ አመጡ። በ1969 ኒሺዙካና ሳካኩራ የተባሉ ተመራማሪዎች ከተወለዱ በሦስተኛው ቀን ታይመሳቸው የወጣ እንስት አይጦች እንቁላል ማምረቻቸው ሲጠፋ አዩ። መጀመሪያ የተጠረጠረው የሆርሞን መጓደል ነበር። ኋላ ግን የራሳቸው መከላከያ እንዳወደመው ታወቀ። ታይመስ ሲወጣ መከላከያ ይደክማል እንጂ ለምን ይቆጣል? ወጣቱ ሳካጉቺ ይህ ጥያቄ ስለያዘው ኪዮቶ የጀመረውን ትምህርት ትቶ ናጎያ ኒሺዙካ ዘንድ ሄደ። በ1995 ያሳተመው ሥራ ነገሩን ቁርጥ አደረገው። ሲዲ25 ያላቸውን ሴሎች ለይቶ አውጥቶ የቀሩትን ብቻ ታይመስ ለሌላቸው አይጦች ሰጠ፤ አይጦቹ በታይሮይድ፣ በጨጓራና በሌሎችም አካላት ታመሙ። ያወጣቸውን ሲዲ25 ያላቸውን ሴሎች ቶሎ መልሶ የሰጣቸው አይጦች ግን ከበሽታው ተረፉ። ጋሼ ለሰውየው የሰጡት መልስ ይኸው ነው። ያኔ የጠፋው ነገር አሁን በእጅ ይለያል፣ ይወሰዳል፣ ይመለሳል።

13ኛዋ መላሽ ከሌላ አቅጣጫ አገዘቻቸው። ቴነሲ ውስጥ በምትገኘው ኦክ ሪጅ፣ የአቶም ቦምብ ሥራ በነበረበት ቦታ፣ በ1940ዎቹ የጨረር ጉዳት በአይጦች ላይ ይጠና ነበር። በዚያ ቅኝት ውስጥ ሳይታሰብ ቆዳቸው ቅርፊት የሚያበጅ፣ ጣፊያቸውና ንፍፊታቸው የሚያብጥ ወንድ ግልገሎች ተወለዱ። ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር የሚኖሩት። ስከርፊ ተባሉ። ከዓመታት በኋላ ብረንኮውና ራምስዴል ሲያትል አጠገብ በነበረ የባዮቴክ ኩባንያ ስህተቱን ፍለጋ ወጡ። የኤክስ ክሮሞዞም ወደ 170 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊደል አለው። ያንን እያጠበቡ ወደ 500 ሺህ አወረዱት። በዚያ ውስጥ 20 ዘረመሎች ነበሩ። አንድ በአንድ ሲፈትሹ ስህተቱ የተገኘው በመጨረሻው፣ በ20ኛው ላይ ነው። በ2001 ፎክስፒ3 ብለው አሳተሙት። በዚያው ዓመት የዚሁ ዘረመል ስህተት በሰው ልጆች ላይ አይፔክስ የሚባል ከባድ የወንድ ሕፃናት በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ። በ2003 ደግሞ ተቆጣጣሪ ሴሎቹን ተቆጣጣሪ የሚያደርጋቸው ይኸው ዘረመል መሆኑ ከተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ተረጋገጠ። ይህች ሴት ስትጽፍ ደስታዋ ከቃላቱ ይታይ ነበር። እኔም ሳነብ እንደዚያው ሆንኩ። ያ የዘረመል ፍለጋ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ያኔ የዓመታት ልፋት ነበር።

14ኛው መልስ የ11ኛው ሰውዬ መመለሻ ነው። የስድቡን ክፍል አወያዩ አጥፍቶታል። የቀረው ግን ሊሰማ የሚገባው ነበር። በሳህን ውስጥ የሚታይ እገዳ በሰውነት ውስጥ ከሚሆነው ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም አለ። በሳህኑ ውስጥ ኢንተርሉኪን 10ን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ቢጨመር እገዳው እንደማይለወጥ ራሱ የ1998ቱ ሙከራ ያሳየ መሆኑን ጠቀሰ። በአንጀት ውስጥ ግን ያው ንጥረ ነገር ሲጠፋ ቁጣ እንደሚነሳ ከ10ኛው መልስ አይተናል። ሰውየው ጠባዩ ባያምርም በዚህ ነጥብ ልክ ነው። ተማሪውም አልተከራከረውም።

በዚህ መሃል እናትየዋ በ15ኛው መልስ ላይ ብቅ አለች። የተጻፈው ሁሉ እንዳስተማራት ገልጻ ሁለተኛው ጥያቄዋ መረሳቱን በትሕትና አስታወሰች። 16ኛው መላሽ ወዲያው ልጇ ፎክስፒ3 ስለሌለው ነው ብሎ ደመደመላት። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። ለአንዲት እናት የልጇን ዘረመል በስልክ ቁልፍ መመርመር ነውር ነው።

17ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አይፔክስ እጅግ ብርቅ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ገና በጨቅላነት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጀምራል፤ የማይቆም ተቅማጥ፣ የቆዳ ሽፍታና ስኳር አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ልጁም አያድግም። የተለመደው የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ከዚህ የተለየ ነው። አብዛኞቹ ታማሚ ልጆች በደማቸው ውስጥ ያሉት ተቆጣጣሪ ሴሎች ቁጥር ከጤነኛ ልጅ ብዙም አይለይም። በጥናት የታዩት ልዩነቶች ረቀቅ ያሉ ናቸው። የሲዲ25 ዘረመል አንዳንድ ዓይነቶች ለበሽታው ያለውን ተጋላጭነት ይጨምራሉ። አንዳንድ ታማሚዎች ላይ ተቆጣጣሪዎቹ ለኢንተርሉኪን 2 የሚሰጡት ምላሽ ደከም ያለ ነው። ሌሎች ላይ ደግሞ ጥፋቱ የተቆጣጣሪዎቹ አይደለም፤ አጥቂዎቹ እገዳውን አልሰማም የሚሉ ሆነዋል። እናትየዋም ሆነች የሰጠችው ምግብ ለዚህ ጥፋተኛ አይደሉም። ይህን የጨመርኩት ከአጻጻፏ ራሷን እየወቀሰች ስለመሰለኝ ነው።

18ኛው መልስ ተስፋን በልኩ አስቀመጠ። ፖላንድ፣ ግዳንስክ ውስጥ በ2012 የታተመ ሥራ የ10 ሕፃናትን የራሳቸውን ተቆጣጣሪ ሴሎች ከደማቸው ለይቶ፣ በቤተ ሙከራ አብዝቶ መልሶ ሰጥቷቸዋል። ደህንነቱ ጥሩ ነበር፤ የቆሽት አቅማቸውም ለጊዜው የተሻለ ይመስል ነበር። ኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ በዕጣ በተከፋፈሉ ልጆች ላይ በተሠራ ተለቅ ያለ ሙከራ እንዲህ የተባዙት ሴሎች የኢንሱሊን ማምረት አቅም መቀነሱን አላስቆሙም። ሴሎቹ ቆሽትን ለይተው የማያውቁ፣ ከሁሉም የተቀላቀሉ ነበሩ። አሁን የሚሞከሩት አንድን አካል ብቻ እንዲያውቁ የተሠሩ ናቸው። ይህ መላሽ ነገሩን ሳያጋንን መጻፉ እንዲወደድ አደረገው። እናትየዋም እግዜር ይስጥልኝ ብላ ከክሩ ወጣች።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ትል ሄደ። 19ኛው መላሽ ጅማ ላይ ተሠርቶ በ2001 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት ጠቀሰ። የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሲተነፍሱ ደረታቸው የማፏጨቱ ዕድል ያነሰ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ትል ተቆጣጣሪ ሴሎችን ስለሚያበዛ የትል መድኃኒት ለልጆች መስጠት ይቁም አለ! 20ኛዋ መላሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ስታሠለጥን የኖረች ሴት ናት፤ በቁጣ ነው የመጣችው። የመንጠቆ ትል ደም እንደሚመጥ፣ ነፍሰ ጡሮችንና ልጆችን ለደም ማነስ እንደሚዳርግ፣ የልጅን ዕድገት እንደሚያቀጭጭ አስረግጣ ጻፈች። የጅማው ጥናት የለካው ትልና ትንፋሽን እንጂ እነዚህን ሴሎች አልነበረም። በጅማው ጥናት የነበሩ የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሳቸው ኋላ አስም ላለባቸው ሰዎች የመንጠቆ ትል ሰጥተው ሞክረዋል፤ በ2010 ያሳተሙት ውጤት ጉልህ መሻሻል አላሳየም። አነጋገሯ ሻካራ ነበር፤ ግን ማን ይፈርድባታል? ጉዳዩ የልጆች ደም ነው።

21ኛው መልስ ከትል ወደ ቁንጭር አሸጋገረን። ጸሐፊው ያደገው ቁንጭር በሚታወቅበት ደጋ ነው፤ ቁስሉ ዓመት አልፎት የዳነ፣ ጠባሳው ግን ፊታቸው ላይ የቀረ ሰዎችን ያስታውሳል። ቁንጭርን የሚያመጣው የሌሽማኒያ ጥገኛ ከዳነ ቆዳ ውስጥም ለምን ጨርሶ እንደማይጠፋ ጠየቀ። 22ኛው መላሽ በ2002 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣውን የያስሚን ቤልካይድን ሥራ አመጣለት። በአይጥ ቆዳ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሴሎች ቁስሉ ወዳለበት ቦታ ተሰብስበው ሌሎቹን ቲ ሴሎች ስለሚገቱ ጥቂት ጥገኛ ይተርፋል። ተቆጣጣሪዎቹ ሲወሰዱ ጥገኛው ሙሉ በሙሉ ይጸዳል። የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። የጸዱት አይጦች ዳግም ሲያዙ የነበራቸውን መከላከል አጥተዋል። የተረፈው ጥገኛ ነበር መከላከሉን እንዲቆይ ያደረገው። የአይጡ ጥገኛ የእኛ አገሩ ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ አይደለም፤ መላሹም ይህን ለይቶ ተናግሯል።

ከ23 እስከ 25 ያሉት መልሶች ስለ ሽልማቱ ወሬ ናቸው። ራምስዴል ተራራ ላይ ከስልክ ርቆ ስለነበር ዜናውን ዘግይቶ ሰማ። በ2017 የክራፎርድ ሽልማትን ከሳካጉቺና ከራምስዴል ጋር የወሰደው አሌክሳንደር ሩደንስኪ በኖቤሉ ለምን ቀረ ተባለ። አንዱ ተበደለ፣ ሌላው ደንቡ ከሦስት ሰው በላይ አይፈቅድም አለ። ሁለቱም ቦታ አልለቀቁም።

26ኛው መልስ ወደ ቁም ነገር መለሰን። ጸሐፊዋ ውጭ አገር የምትኖር ናት፤ አባቷ ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰር ኢፒሊሙማብ የተባለ መድኃኒት ጀምረዋል። መድኃኒቱ በአሜሪካ በ2011 የተፈቀደ ሲሆን የሚዘጋው ራሱን ሲቲኤልኤ-4ን ነው። 7ኛው መልስ ላይ ያነበበችው ስም በአባቷ የመድኃኒት ወረቀት ላይ በመኖሩ ደነገጠች። ዕጢው ውስጥ ተቆጣጣሪ ሴሎች ተሰብስበው ካንሰሩን ከሚያጠቁት ሴሎች እንደሚከልሉት፣ መድኃኒቱ ያንን ሊሰብር እንደሚችል 27ኛው መላሽ አስረዳት። ሲቲኤልኤ-4 ተቆጣጣሪዎቹ ላይ ብቻ እንደማይገኝ፣ ሌሎቹም ቲ ሴሎች ከተቀሰቀሱ በኋላ እንደሚያወጡት፣ ስለዚህ መድኃኒቱ በሁለቱም በኩል እንደሚሠራ ጨመረላት።

28ኛው፣ የመጨረሻው፣ የፋርማሲ ባለሙያ ነው። አባትየው ምን እየሆኑ እንደሆነ ጠየቃት። ተቅማጥ ጀምሯቸው ቤት ውስጥ የአጃ ሾርባ እየተሰጣቸው መሆኑን ስትነግረው መልሱን ወዲያው አስተካክሎ አሰፋው። እገዳው ሲነሳ ነጻ የሚወጡት ካንሰሩን የሚያጠቁት ሴሎች ብቻ አይደሉም። አንጀትን፣ ቆዳን፣ ጉበትን፣ ታይሮይድንና ከአንጎል ሥር ያለችውን ዕጢ የሚያጠቁም ይነሳሉ። የአንጀቱ ቁጣ ቶሎ ከተያዘ በስቴሮይድ ይመለሳል፤ ከዘገየ አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳል። ተቅማጡን በቤት ውስጥ ነገር ማስታገሱን ትታ በዚያው ቀን የካንሰር ሐኪማቸው ጋ እንድትደውል ጻፈላት። ከዚያ በኋላ አወያዩ ክሩን አልዘጋውም፤ እሷ እስክትመለስ ክፍት ትቶታል።